ማንም ያልታመመበት ማተሚያ ቤት

እኛ ማተሚያ ቤት ሰው አይታመምም። ቀኑን ሙሉ የቀለም ሽታ ሲተነፍስ የሚውል መቶ አርባ ሠራተኛ አለ፤ ግማሹ ከአርባ ዓመት በላይ ነው፤ ግን አንድም ሰው ጉንፋን እንኳን ይዞት አያውቅም። ሐኪም ቤት የሚሄድ ሰው ሲኖር «ዘመድ ሞቶብኝ ነው» ብሎ ነው ፈቃድ የሚጠይቀው። የሰው ኃይል ኃላፊዋ እኔ ስለሆንኩ ፈቃዱን የምጽፈው እኔ ነኝ። ከጠራዦቹ አንዱ በሦስት ዓመት ውስጥ አያቱን አራት ጊዜ ቀብሯል። እኔም በየጊዜው «ያጥናህ» እያልኩ ፈርሜለታለሁ።

ይህ ከመሬት ተነስቶ የመጣ ጠባይ አይደለም። ከአሥር ዓመት በፊት የነበረው ሥራ አስኪያጅ «የጤና ችግር ያለበት ይመዝገብና ቀላል ሥራ ይሰጠው» አለ። አሥራ አንድ የዋሆች ተመዘገቡ። በሦስተኛው ወር የሠራተኛ ቅነሳ ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ አሥራ አንዱም በተመዘገቡበት ቅደም ተከተል እዚያ ላይ ተገኙ። ማስታወቂያውን የተየብኩት እኔ ነኝ፤ ያኔ ጸሐፊ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት በሽታ ወረቀት ላይ ወጥቶ አያውቅም።

ታላቅ ወንድሜም እዚያው ነበር የሚሠራው፤ ወረቀት መቁረጫው ማሽን ላይ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ። ሠራተኛው «ሚሊሜትር» ነው የሚለው፤ ማስመሪያ ሳይዝ በዓይኑ ለክቶ ስለማይስት። ለእኔ ግን ጋሼ ነው። እሱም አርባ ስድስት ዓመት ሞልቶኝ፣ ሁለት ልጅ ወልጄ፣ «ሚጣ» ማለቱን አልተወም ነበር፤ ያውም በሠራተኛ ፊት፣ ኃላፊ ነኝ ብዬ ተኮፍሼ በቆምኩበት። ጋሼ ኩላሊቱን ከታመመ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። የምናውቀው ሦስት ሰዎች ነን፤ እሱ፣ እኔና የሚታከምበት ክሊኒክ ሐኪም። ሚስቱ አታውቅም። «እሷ ከሰማች ነገ ሰፈሩ ሁሉ ሊጠይቀኝ ይመጣል» ይል ነበር። ኪኒኑን የሚያስቀምጠው እኔ ቢሮ ነው፣ ከማኅተሙ ጎን።

አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ለሠራተኛው የሕክምና ኢንሹራንስ ይገባ አለ። ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን ከኩባንያዎቹ ጋር የሚያገናኘን ደላላ መምረጥ ነበረብን። እኔ ደላላ ሲባል ቤትና መኪና የሚያሻሽጠው ብቻ ይመስለኝ ነበር። የኢንሹራንሱ ደላላ ሥራ ሌላ ነው። ከኩባንያ ጋር ተደራድሮ ውል ያመጣል፤ በኋላ ደግሞ ሰው ታሞ ኩባንያው አልከፍልም ሲል ለበሽተኛው ይቆማል። መቆም አለበት ልበል እንጂ።

ሥራ አስኪያጁ፣ የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበርና እኔ መራጭ ኮሚቴ ተባልን። ሁለት ደላሎች ለመጨረሻው ዙር ቀረቡ።

መጀመሪያ የመጡት ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው። አውቶቡስ ተሳፍረው፣ በላስቲክ የታሰረ ፋይል በብብታቸው ይዘው መጡ። ወንበር ስንሰጣቸው አመሰገኑና ቀጥታ ወደ ጥያቄ ገቡ።

«ባለፈው ዓመት ስንት ሰው ታመመ?»

«ማንም» አለ ሊቀመንበሩ።

«መቶ አርባ ሰው፣ ዓመት ሙሉ፣ ማንም?»

«ማንም።»

«ታዲያ ኢንሹራንስ ምን ያደርግላችኋል? ገንዘቡን ቀለም ግዙበት።»

ሥራ አስኪያጁ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ሴትዮዋ ላስቲኩን ፈተው አንድ ወረቀት አወጡ።

«ስሙኝ። የቡድን ውል ጥቅሙ ይሄ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን የተነገረ በሽታ ሁሉ ይገባል። ስኳርም፣ ደም ግፊትም፣ ኩላሊትም። ያልተነገረ ግን ኋላ ሲገኝ ‹ደብቀሃል› ይባልና በሩ ይዘጋል። እዚህ ቤት ሰው እንደሚደብቅ ገና ከደጅ ነው የገባኝ። ጥበቃው ሳል ሲይዘው አፉን አፍኖ ወደ ግድግዳው ዞረ። ስለዚህ አሥር የሥራ ቀንና አንድ የሚዘጋ ክፍል ስጡኝ። አንድ በአንድ አነጋግራቸዋለሁ። ቅጹ ከእኔ ቀጥታ ወደ ኩባንያው ይሄዳል። በአለቃም በሰው ኃይልም እጅ አያልፍም።»

«በእኔም እጅ?» አልኩ።

«በተለይ በእርስዎ እጅ» አሉኝ።

ደሜ ፈላ። አሥራ ስምንት ዓመት የሰው ገመና ይዤ ኖሬ፣ ዛሬ አንዲት ባልቴት ከመንገድ ገብተው በአለቃዬ ፊት የማልታመን አደረጉኝ አልኩ በልቤ። እውነታቸውን ነበር። ያንን ማስታወቂያ የተየበው ይሄው እጄ ነው። ግን እውነት ሲነገር ደስ የሚለው ስለ ሌላ ሰው ሲሆን ነው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሴትዮዋ የተናገሩት ሁሉ ትክክል ሆኖ ሳለ፣ ለእኔ ነገር ፍለጋ መሰለኝ።

ሁለተኛው ከሰዓት በኋላ ገባ። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ጠረኑ ቀድሞት ደረጃውን ስለሚወጣ ኋላ «ሽቶው» የሚል ስም አወጣንለት። ማተሚያ ቤት ድረስ የታተመ የቀን መቁጠሪያ በስጦታ ይዞ የመጣ ሰው ነው፤ ያኔ ነበር መንቃት።

«እህቴ፣ እናንተ ምንም እንዳትደክሙ» አለኝ ከሦስታችን መርጦ። «ቅጹን እልክልሻለሁ፣ አንቺ ታስፈርሚያለሽ፣ አርብ ትመልሺልኛለሽ፤ ሰኞ ካርዱ በእያንዳንዱ ሠራተኛ ኪስ ነው።» በሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ የሠላሳ ሁለት ሆስፒታል ስም ዘረጋልን።

እሱ ሲወጣ ሊቀመንበሩ አገጩን እያሻሸ «ሴትዮዋ ይሻላሉ መሰለኝ። ይሄኛው አፉ ቅቤ ነው» አለ። ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን አየ። «የሰው ጉዳይ የአንቺ ነው። አንቺ ያልሽው ይሁን» አለኝ።

«ሰውዬው ይሁን» አልኩ። ምክንያት ደረደርኩ፤ ፍጥነቱ፣ ቅልጥፍናው፣ የሆስፒታሉ ብዛት። ሁሉም ውሸት ነው። ወረቀቱ በእጄ እንዲያልፍ ፈልጌ ነው፤ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

ቅጹ መጣ። ለአንድ ሰው አንድ ገጽ፣ አሥራ ሁለት ጥያቄ፣ ከእያንዳንዱ ፊት «አለ» እና «የለም» የሚል ሳጥን። በምሳ ሰዓት ሰልፉ ላይ አዞርኩት። ማንም ቁጭ ብሎ አላነበበም። «አንቺ ታውቂያለሽ» እያሉ ባዶውን ፈረሙልኝ። እኛ ቤት እንዲህ ነው፤ የፈቃድም፣ የቅያሬም፣ የማንኛውም ነገር ቅጽ መጀመሪያ ይፈረማል፣ ከዚያ እኔ እሞላዋለሁ። ይሄንን እንደ መታመን እቆጥረው ነበር፣ እንዲያውም እኮራበት ነበር።

ጋሼ ኪኒኑን ሊውጥ ቢሮዬ ሲገባ የወረቀቱን ክምር አየ።

«ለእኔም የለም በይ» አለኝ።

«ጋሼ፣ ከተናገሩት ይገባል ብለዋል እኮ ሴትዮዋ።»

«አሥራ አንዱም ተናግረው ነበር። የት ገቡ?»

 ውኃውን ጠጥቶ ብርጭቆውን በቦታው መለሰ።

«ለጡረታዬ አራት ዓመት ነው የቀረኝ ሚጣ። አራት ዓመት ዝም ካልሽልኝ ይበቃኛል።»

እሱ ሲወጣ ወደ ሽቶው ደወልኩ። የቆየ ሕመም ያለበት ሰው ቢኖርስ አልኩት፤ ስም አልጠራሁም። ከልቡ ሳቀ። «እህቴ፣ ማን ሊያየው! ኩባንያው ጥቅሉን ነው የሚያየው። ንጹሕ ዝርዝር ካመጣሽ ዋጋውም ይቀንሳል፣ አለቃሽም ይወድሻል።»

መቶ አርባ ቅጽ፣ በእያንዳንዱ ላይ አሥራ ሁለት ጊዜ «የለም»። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። የጋሼ ቅጽ ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬ ቆመ። ኩላሊትን የሚጠይቀው ሰባተኛው ነው። ከዚያ እንደ ሌሎቹ አደረግኩና አለፍኩት። አርብ ተላከ፤ ሰኞ ካርዱ መጣ፤ ሽቶው ቃሉን ጠበቀ። ሥራ አስኪያጁ በስብሰባ ላይ አስጨበጨበልኝ።

ካርዱ በመጣ በስምንተኛው ወር ጋሼ መቁረጫው አጠገብ ወደቀ። ከመውደቁ በፊት የቆረጠው ወረቀት ጠማማ ነበር አሉ። ጓደኞቹ የደነገጡት ያኔ ነው፣ ጠማማውን ሲያዩ፤ ሮጠው ሲደርሱ መሬት ላይ ነበር።

ሐኪሞቹ ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመዋል አሉ። በሳምንት ሦስት ቀን ደሙ በማሽን ካልታጠበ አይኖርም። ሁለት ሳምንት በካርዱ ታጠበ። በሦስተኛው ሳምንት ኩባንያው የክሊኒኩን የድሮ መዝገብ አገኘና ደብዳቤ ጻፈ፤ «ታካሚው የነበረበትን ሕመም በመደበቁ ከዛሬ ጀምሮ ወጪውን አንሸፍንም።» ደብዳቤውን የሰጡት ለሚስቱ ነው፣ ክፍያ መስኮቱ ላይ፣ ሰው በተሰለፈበት። እሷን እትዬ ነው የምላት፤ ልጅ ሆኜ ጸጉሬን ያበጠረችኝ ሴት ናት። ወረቀቱን ይዛ ኮሪደር ላይ ጠበቀችኝ።

«‹ደበቀ› ይላል። ምን ነበረበት? አንቺ ታውቂ ነበር?»

«ስህተት ነው እትዬ። እናስተካክለዋለን» አልኳት።

ሽቶው ስልክ ስደውልለት ስድስት ቀን ስብሰባ ላይ ነበር። በሰባተኛው ቀን ቢሮው ሄጄ በር ላይ ቆሜ ያዝኩት። «እኔ የሰው ሆድ ውስጥ ገብቼ አላየሁም» አለኝ። እህቴ ማለቱን ትቶታል። «የላክሽልኝን አስተላለፍኩ። ፊርማው የራሱ ነው። ደብቋል፣ አለቀ።» ላንቀው ከጀለኝ። ግን የተናገረው ሁሉ እኔው የሰጠሁት ነው፤ ምኑን አንቄ ምኑን እተዋለሁ።

ወደ ሴትዮዋ ሄድኩ። ቢሮአቸው ከመነጽር ሱቅ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ እስከ ጣሪያ የተደረደረ ፋይል። ስድብ ተዘጋጅቼ ነበር የገባሁት። ምነው በሰደቡኝ። ጨርሼ እስክናገር አዳመጡኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«ቅጹን የሞላው ማን ነው?»

«እኔ።»

«እሱ አይቶታል?»

«ባዶውን ነው የፈረመው።»

«አንቺ የሞላሽው በአሠሪው ስም ነው፤ እንግዲያው የደበቀው አሠሪው ነው፣ እሱ አይደለም። አሠሪው ያጠፋውን ኩባንያው በበሽተኛው ማሳበብ አይችልም። ውላቸው ላይ አለ፤ ገጹን አሳይሻለሁ። የሚያስፈልገው አንድ ገጽ ደብዳቤ ነው። የሞላሁት እኔ ነኝ፣ በሽታውንም አውቅ ነበር ብለሽ ትፈርሚያለሽ።»

«ሥራዬስ?»

«ሥራሽ ይሄዳል። ክስም ሊኖር ይችላል። ወንድምሽ ግን ይታከማል።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ቶሎ ነው ታዲያ ልጄ። ኩላሊት ቀጠሮ አያውቅም» አሉኝ።

ደብዳቤውን ያንኑ ቀን ጻፍኩት። ይቺን እንኳን ስለ ራሴ ልናገር፤ ጽፌው ነበር። ሥራ አስኪያጁ ሁለት ጊዜ አነበበውና ቢሮውን ዘጋው።

«ይሄ እኮ መቶ አርባውም ቅጽ ሐሰት ነው ማለት ነው» አለ። «ይሄን ካየ ኩባንያው ውሉን ቀዶ ይጥለዋል። በሚቀጥለው ወር የሚወልዱ ሁለት ሴቶች አሉን። ለአንድ ሰው ብለን መቶ ሠላሳ ዘጠኙን እንጣል? አንቺም ፖሊስ ጣቢያ ነሽ።» ክፉ ሰው አልነበረም። «ሌላ መንገድ አለ። እሱ ራሱ ደብቄ ነው ብሎ ይፈርም። ነገሩ በእሱ ያልቃል፣ ውሉ ይተርፋል። ለሕክምናው ሠራተኛው ያዋጣል፤ ድርጅቱም ይጨምራል።»

እንግዲህ የተሰማኝን ልናገር። ደስ አለኝ። ወንድሜ አልጋ ላይ ሆኖ፣ እኔ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ፣ ከትከሻዬ ድንጋይ የወረደ መሰለኝ። መቶ ሠላሳ ዘጠኝ ሰው የሚል ምክንያት አገኘሁ፤ ከዚያ ወዲያ ራሴን አላየሁም።

ወረቀቱን ሆስፒታል ይዤ ሄድኩ። ጋሼ ፊቱ አብጦ ዓይኑ ጠብቧል። ስለ መቶ ሠላሳ ዘጠኙ ነገርኩት። እንደ ልማዱ ቀስ ብሎ፣ መስመር በመስመር አነበበው። ጨርሶ ወደ ጣሪያው አየ።

«ይሄን የምፈርመው ለሰዎቹ ነው፣ ወይስ ላንቺ?»

«ለሰዎቹ» አልኩት።

«እሺ፣ እስክሪብቶ ስጪኝ» አለኝ። ወረቀቱን በመዳፌ ደግፌለት ፈረመ። ፊርማው እንኳን ከመስመሩ አልወጣም። ከዚያ «ምሳ በልተሻል ሚጣ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ በልቻለሁ ብዬ ወጣሁ። አልበላሁም ነበር።

ሠራተኛው አዋጣ። ከልባቸው ነው ያዋጡት፤ ያ አያቱን አራት ጊዜ የቀበረው ጠራዥ የእጅ ሰዓቱን ሸጦ አመጣ። ግን ማሽኑ የሚበላውን ያህል ማን አዋጥቶ ይችላል? ሦስቱ ቀን ሁለት ሆነ። ሁለቱ አንድ ሆነ። እትዬ ከሆስፒታሉ ወንበር ላይ መነሳት ትታ፣ እግሩን በእርጥብ ጨርቅ እየጠቀለለች ትውላለች። እኔን ስታይ «ምን አሉ?» ትለኛለች። «እየተነጋገርን ነው» እላታለሁ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሴትዮዋ ደወሉልኝ።

«ደብዳቤውን እስከ ዛሬ አላስገባሽም?»

«ለሌሎቹ ፈርቼ ነው። ውሉ ይቀደዳል ብለውኝ።»

«ማን ነው ያለሽ? ኩባንያው ውስጥ ያለውን ሰው አሁን ጠይቄው መጣሁ። ውል አይቀደድም። ለቀሩት አዲስ ቅጽ ይሞላል፣ በቃ። ደብቄ ነው ብሎ ወንድምሽ እንደፈረመም ነግሮኛል፤ ያንቺ ደብዳቤ ከመጣ ያኛው ይወድቃል።» ቀጥለውም «የምትቃጠዪው አንቺ ብቻ ነሽ» አሉ።

«ዛሬውኑ አስገባዋለሁ» አልኳቸው።

ማክሰኞ ከሰዓት ሥራ አስኪያጁ አልነበረም፤ ሳልነግረው ማስገባት ነውር ነው አልኩ። ረቡዕ የልጄ ትምህርት ቤት የወላጅ ስብሰባ ነበር። ሐሙስ የሠራተኛው መግቢያ ሰዓት መቆጣጠሪያ ተበላሸና እሱን ሳስጠግን ዋልኩ። አርብ ደብዳቤው ላይ አንድ ቃል አልጥም አለኝና እንደገና ልገልብጠው ብዬ ለሰኞ አቆየሁት። ሰው ግዴታውን ሲሸሽ እንዴት ሥራ እንደሚበዛበት! በእነዚያ አራት ቀናት የሠራሁትን ያህል ዓመቱን ሙሉ አልሠራሁም።

ጋሼ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሞተ። አልጋው አጠገብ እትዬ ነበረች፤ እኔ አልነበርኩም።

ከቀብር መልስ ቤቱ በሰው ተሞላ። ማተሚያ ቤቱ ሥራ ዘግቶ መጥቷል፤ ሊቀመንበሩ ወንበር ያመላልሳል፣ ሥራ አስኪያጁ ጥግ ላይ አቀርቅሮ ተቀምጧል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉም የእውነት ዘመድ ሞቶባቸዋል ብዬ አሰብኩ፤ በዚያ ሰዓት እንኳን ቀልድ የሚመጣበት ክፉ ጭንቅላት ነው ያለኝ። እትዬ በእጄ ያዘችኝና ወደ መኝታ ክፍሉ ወሰደችኝ። በሩን ዘጋች። አላለቀሰችም፤ ድምጿ ግን አልቆ ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። እባክሽ እውነቱን ንገሪኝ፤ ከአንቺ ሌላ የምጠይቀው የለኝም። ያንን የኢንሹራንስ ቅጽ ራሱ ነው የሞላው?»

ነጠላዬን አስተካከልኩ።

«ደብቄ ነው ብሎ ፈርሟል አሉኝ። አላመንኳቸውም። ሠላሳ አምስት ዓመት አብሬው ስኖር አንድ ቀን ዋሽቶኝ አያውቅም። ሌላ ሰው ሞልቶበት ይሆናል ብዬ ነው። ሌላ ሰው ከሆነ ንገሪኝ፤ ምንም አላደርገውም። ባሌ እንዳልዋሸኝ ብቻ ልወቅና ልረፍ።»

ከበሩ ወዲያ የሠራተኛው ድምፅ ይሰማል። አንድ ቃል ነው የጠየቀችኝ። አፌን ስከፍት ያንን ቃል ልናገር ነበር፤ እምላለሁ፣ ልናገረው ነበር።

«ራሱ ነው» አልኳት።

«በእጁ?»

«በእጁ።»

እጄን ለቀቀችው። ከዚያ አልጋው ላይ ተቀመጠች፤ እሱ በሚተኛበት በኩል።

«እንግዲያው አውቆ ነው ትቶኝ የሄደው» አለች። «እንግዲያው ይቅር አልለውም።»

አጠገቧ ተቀመጥኩና እጇን ይዤ «አይዞሽ እትዬ» አልኳት።